ሦስት ክንድ መዳብ

አንበጣው የመጣው በጥቅምት ነው። ማሾው ሊለቀም አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ማሽላውም እሸት ይዞ ነበር። ጠዋት በአፋር በኩል ቀላ ያለ ደመና ታየ። ለዙሁር ሶላት ስንነሣ ማሳው ላይ አገዳ ብቻ ቀርቷል። ቆርቆሮ ደበደብን፣ ጎማ አጨስን፣ ሴቶቹ ሻሻቸውን እያውለበለቡ ጮኹ። በልቶ ሲጨርስ ራሱ ተነሥቶ ሄደ።

በኅዳር በሬዬን ሸጥኩ። በጥር ፍየሎቹን። በየካቲት ባለቤቴ ዘይቱና የጎተራውን ወለል ጠርጋ አፈሩን በወንፊት ነፋች። አንድ እፍኝ ማሽላ ወጣ። ቆልታ ለእኔ ሰጠችኝና «እኔ ጾመኛ ነኝ» አለች። የጾም ወር አልነበረም።

በማግስቱ የጎረቤቴን ሐቅ ወሰድኩ።

ጎረቤቴ ሼህ አብዱረዛቅ ነው። ቤታችንን የሚለየው የቁልቋል አጥር ብቻ ነው። ያን ሰሞን ከልጁ ከኑርሃን ጋር ለለቅሶ አሊዩ አምባ ሄዶ ነበር። «ቤቱን እይልኝ፣ ሙሳ» ብሎ አደራ የሰጠው ለእኔ ነው። ከቤቱ ጓሮ፣ ለሶላት ታጥበው ዉዱእ ከሚያደርጉበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ፣ ከግድግዳው ወርዶ መሬት የሚገባ ሽቦ ነበር። በፒንሳ ቆረጥኩት። ቆሜ ጠበቅሁ። የበረንዳው አምፖል አልጠፋም። እንግዲያው የማይሠራ ሽቦ ነው አልኩ። ሥሩን በዶማዬ ቆፈርኩ፤ ሦስት ክንድ የሚሆን የመዳብ ዘንግ ወጣ። የሽቦውን ጫፍ መልሼ አፈር አለበስኩት። ላየው ሰው ምንም አልተነካም።

ዘንጉን ቁርጥራጭ ብረት ለሚገዛ ሰው ሰጠሁ። ማሽላ ገዛሁበት። ዘይቱና ከየት አመጣኸው አላለችም። በላን።

በሁለተኛው ዓመት ዝናቡ ተመለሰ። ማሾው ሲሸጥ መጀመሪያ የገዛሁት ያንኑ የሚያህል የመዳብ ዘንግ ነው። በጆንያ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስገባሁት። አንድ ቀን ሰው በሌለበት እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። ግን ዘንግ የሚገባው በመዶሻ ነው፤ መዶሻ ደግሞ ድምፅ አለው። አልጋ ሥር ሦስት ዓመት ተኛ። እኔም በዚያ ድንጋይ ላይ ዉዱእ ማድረግ ተውኩ።

«ሙሳ፣ ለምን እንደ ድሮው እኛ ጋ አትታጠብም?» ይለኝ ነበር ሼሁ።

«እግሬን ያመኛል፤ እቤቴ ይቀርበኛል» እለው ነበር።

ሼህ አብዱረዛቅ የመንዙማ ሰው ነው። ሐሙስ ሐሙስ ቤቱ ሰው ይሞላል። ካራቆሬ ድረስ ድምፁን የማያውቅ የለም። ዘንድሮ ጉሮሮው ውስጥ እብጠት ተገኘ። ሐኪሙ ይቆረጥ አለ። ድምፁ ይመለስ እንደሆነ ቢጠየቅም ቃል አልሰጠም።

ልጁ ኑርሃን አስተማሪ ናት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ለአባቷ እሷ ብቻ ናት። የአባቷን መንዙማ አንድ ሳይቀር ልትቀዳ ተነሣች። አምፕሊፋየር ገዛች፣ ማይክ ገዛች፣ ኮምፒውተሯን ደቀነች። ሼሁ አፉን ሲከፍት ከድምፅ ማጉያው «እምምምም» የሚል ጉርምርምታ ወጣ፤ ተቀድቶ ሲሰማም የሚሰማው እሱ ነው። የሼሁ ድምፅ ከኋላው ነው፣ ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆሞ እንደሚያወራ ሰው።

«ወደ ሙጂብ ውሰጂው» አለ ሼሁ። «ሙሳ ይሸከምልሽ።»

አምፕሊፋየሩን ተሸክሜ ከኋላዋ ሄድኩ።

ሙጂብ የማጀቴ ልጅ ነው። ከሮቢት መናኸሪያ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ራዲዮና ድምፅ ማጉያ ይጠግናል፤ መብራትም ይዘረጋል። የሼሁን ቤት መብራት የዘረጋው እሱ ነው፤ ያኔ ኑርሃን ገና ተማሪ ነበረች። አሁን ከጠረጴዛው ማዶ ቀና ብሎ አያት። አይቶ ወደ ካቻቢቴው ተመለሰ። ከዚያ ደግሞ አያት።

«ምን ሆነ?»

«ያጉረመርማል።»

ሰካው። ዝም አለ። ማይኩን ይዞ «አንድ፣ ሁለት» አለ። ጥርት ብሎ ወጣ።

«ምንም የለውም።»

«እቤት ያጉረመርማል አልኩህ እኮ።»

«እንግዲህ ጸቡ ከቤታችሁ ጋር ነው።»

ወስደን ሰካነው። አጉረመረመ። በሁለተኛው ቀን ይዘነው ሄድን። ሱቁ ውስጥ ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ጀርባዬ ተላጠ።

«አስተማሪ ነሽ አሉ» አላት ሙጂብ። «ተማሪ በአንድ ጥያቄ ሦስት ቀን ቢመላለስብሽ ምን ትያለሽ?»

«አስተማሪው አላስረዳውም እላለሁ።»

ሳቀ። እሷ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች፤ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች። ባጃጅ አለፈ። ሌላ ባጃጅ አለፈ። እኔ ዕቃዬን አወረድኩና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከልጅ ጋር ሽማግሌ የሚላከው እንዲያይ ነው፤ አየሁ።

በአራተኛው ቀን ሙጂብ ራሱ እቤት መጣ። ማቀዝቀዣውን ነቀለ። ቴሌቪዥኑን ነቀለ። ኮምፒውተሩንና አምፕሊፋየሩን ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካ። ጉርምርምታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ላቡ ይንጠባጠባል፤ የሮቢት ግንቦት ሙቀት ነው። ኑርሃን ውሃ ይዛ መጣችና ስታልፍ እጇ የአምፕሊፋየሩን ብረት ነካ።

ዝም አለ።

«እጅሽን አንሺ» አላት።

አነሣች። «እምምምም።»

«መልሺው።»

መለሰች። ዝም።

«እኔን ይፈራኛል» አለች እየሳቀች። «ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነው።»

ሙጂብ ግን አልሳቀም። እግሯን ተመለከተ። ባዶ እግሯን በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆማለች። «አንሺ! አሁኑኑ አንሺ!» ብሎ ጮኸ። ደንግጣ ጠርሙሱን ጣለችው።

«ነዘረሽ?»

«ትንሽ። ጉንዳን የሄደብኝ መሰለኝ።»

«ያ ጉንዳን ሰው ይገድላል።» የአምፕሊፋየሩን ሶኬት ነቀለ። «ወደ መሬት መውረድ ያለበት መብራት መንገድ አጥቶ ብረቱ ላይ ቆሟል። ለዚህ ነው የሚያጉረመርመው። ስትነኪው በአንቺ በኩል ይወርዳል። ይሄ ቤት ኧርዝ አለው፣ መብራቱን ወደ መሬት የሚያወርድ ዘንግ፤ በገዛ እጄ ነው የቀበርኩት። የት ሄደ?»

ኑርሃን እሱን ነበር የምታየው። ለእሷ እንዲህ የደነገጠ ሰው ከአባቷ በቀር አላየችም መሰለኝ። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ። አምፖሉ ስላልጠፋ የማይጠቅም ነው ያልኩት ሽቦ የሰው ነፍስ መጠበቂያ ኖሯል።

ሙጂብ ተከትሎኝ ወጣ። ሽቦውን ከላይ አየው፤ እንደድሮው አፈር ውስጥ ገብቷል።

«ጋሼ ሙሳ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት?»

«ተናገር።»

«እዚህ አገር ዘመድ የለኝም። እናቴን ከማጀቴ አመጣለሁ። ሽማግሌ ይሆኑኛል?»

«ላስብበት» አልኩት። ሌላ ምን ልበል።

ሐሙስ ሰው ተሰበሰበ። ሼሁ ሰኞ አዲስ አበባ ለሕክምና የሚሄድ ስለሆነ ከወትሮው በዛ። ማይኩ ሲከፈት ያ ጉርምርምታ ቤቱን ሞላው። ሼሁ የማይኩን ብረት ሊያስተካክል ነካ፤ ነዘረው። እጁን ሰብስቦ ቆመ።

«ሙጂብ» አለ። «ቤቴን ምን አድርገህ ነው የሠራኸው?»

ሙጂብ ከኋላ ተነሣ። «ሼህ አብዱረዛቅ፣ ከዉዱእ ድንጋዩ አጠገብ የመዳብ ዘንግ ቀብሬያለሁ። መሬቱ ሁልጊዜ እርጥብ እንዲሆን ብዬ ነው እዚያ የመረጥኩት። ይቆፈር። የሆነ ቦታ ላልቶ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ ጓሮ ወጣ። «ሙሳ፣ ዶማ አምጣ» አሉኝ። ሄጄ ዶማዬን አመጣሁ። ያንኑ ዶማ።

ቆፈሩ። ጉልበት ያህል ገባ። ምንም የለም። ወገብ ያህል ገባ። ምንም የለም። ሙጂብ ጉድጓዱ ውስጥ ተንበርክኮ የሽቦውን ጫፍ ከአፈር አወጣ።

«ተቆርጧል!» አለ። «እዩት፣ በፒንሳ የተቆረጠ ነው!»

«ፒንሳ ያለው ማን ነው ታዲያ?» አለ አንዱ። ሳቁ።

«ሽቦ አንጠልጥሎ የዘንግ ዋጋ መቀበል ደግሞ ጥሩ ሙያ ነው» አለ ሌላው።

ሼሁ አልሳቀም። ፊቱ አመድ መሰለ። «ልጄ በዚህ ልትሞት ነበር» አለ።

«አባዬ፣ ሙጂብ እንደዚያ አያደርግም!» ኑርሃን ከሴቶቹ መካከል ወጣች።

«ሲቀብረው አይተሻል?»

«አላየሁም። ግን አምነዋለሁ።»

«ያላየሽውን አትመስክሪ።»

ዘንጉ ተቀብሮ ያየሁት እኔ ነበርኩ። ዶማዬን ተደግፌ ቆሜያለሁ።

«ዛሬውኑ አዲስ ገዝቼ ልቅበር» አለ ሙጂብ።

«ሁለተኛ አትሸጥልኝም። ወላሂ፣ ከእንግዲህ የአንተ እጅ የቤቴን ሽቦ አይነካም!»

ሙጂብ ጉልበቱ ላይ ያለውን አፈር አራገፈ። ኑርሃንን አያት። እሷም አየችው። ከዚያ ሰው መሐል ለመሐል ከፈተለትና ሄደ።

ያን ማታ እህል አልበላሁም። ዘይቱና ሳህኑን እያነሣች «ሰውዬ፣ አልጋው ሥር ያለው ዘንግ እኮ ለሼሁ ቤት ይሆናል፤ ለምን አትሰጣቸውም?» አለችኝ።

«ዝም በይ» አልኳት።

አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ በኋላ ምጣዱንም ሳህኑንም ስታስቀምጥ ከወትሮው አጠንክራ ነበር የምታስቀምጠው።

ቅዳሜ የመጨረሻው ቀን ነበር። ሼሁ ከአባቱ የወረሰውን ደብተር እየገለጥኩ እንድይዝለት ጠራኝ። ቤት ውስጥ ሦስት ነን። ማይኩ ተከፈተ፤ አጉረመረመ። ኑርሃን አንድ እጇን ኮምፒውተሩ ላይ አደረገች። ጫማዋን አወለቀች። ሌላውን እጇን አምፕሊፋየሩ ላይ አሳረፈች።

ዝም አለ።

«አባዬ፣ ጀምር» አለች። ከንፈሯን ነክሳለች።

«ኑርሃን!» ሙጂብ በሩ ላይ ቆሟል። ከጠዋት ጀምሮ አጥሩ ጥግ ቆሞ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። «ልቀቂው! ሽቦው ትንሽ ቢላላ ትቀሪያለሽ!»

«ሰኞ ድምፁ ይቆረጣል፣ ሙጂብ። ምን ላድርግ?»

ሙጂብ ሼሁን ተመለከተ። «ሽቦ አይነካም ብለው ምለዋል። ሽቦ አልነካም።» ጫማውን አውልቆ ገባ። እጇን በእጅጌዋ ይዞ ከብረቱ ላይ አነሣ፤ የራሱን መዳፍ አስቀመጠ። «ይጀምሩ።»

ሼሁ አፉን ከፈተ። ተቆጥቶ ሊናገር መሰለኝ። ግን ለቁጣ የሚያወጣው ድምፅ አልነበረውም፤ የቀረችው ጥቂት ናት። ዓይኑን ጨፈነና መንዙማውን ጀመረ።

እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ከሥሩ ምንም የለም። ሼሁ ሲተነፍስ እንኳ ይሰማል። አንዱን ጨረሰ፤ ገጽ ገለጥኩ። ሁለተኛውን ጀመረ። ሙጂብ ግድግዳው ላይ አፍጥጧል። የግንባሩ ላብ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ አልጠረገውም። በሦስተኛው ላይ ጣቶቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ኑርሃን ኮምፒውተሩን ትታ ጣቶቹን ታያለች። እንባዋ ይወርዳል፤ ድምፅ እንዳይገባ አፏን በሻሿ አፍናለች። ልትነካው አትችልም። ብትነካው እሷንም ይይዛታል።

አራተኛውን ገጽ መግለጥ አቃተኝ።

«ሙሳ፣ ግለጥ» አለ ሼሁ።

ደብተሩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑ?»

«ዘንጉን የነቀልኩት እኔ ነኝ። በአንበጣው ዓመት። ቤቱን አደራ ሰጥተኸኝ አሊዩ አምባ ስትሄድ። ሸጬ ማሽላ በላሁበት። ይሄ ልጅ አልዋሸም።»

ሙጂብ እጁን አላነሣም። ዞሮ ብቻ አየኝ። ኑርሃን ቀስ ብላ ቆመች።

«ጋሼ ሙሳ» አለች። «ሐሙስ ዕለት እዚያ ቆመው ነበር እኮ። ዶማውን ያመጡት እርስዎ ነዎት።»

«አዎ።»

ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ተነሥቼ አጥሩን አልፌ እቤቴ ገባሁ። ዘይቱና ጆንያውን ከአልጋው ሥር አውጥታ በር ላይ አቁማዋለች። መዶሻውም አጠገቡ ነው። መንገድ ለቀቀችልኝ።

ጉድጓዱ እንደተቆፈረ ነበር። ዘንጉን ተክዬ መታሁ። ድምፁ ሰፈር ለሰፈር ተሰማ። ሦስት ዓመት የፈራሁት ድምፅ ነው። መታሁ። ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ሦስት ክንድ እስኪገባ ክንዴ ዛለ፤ ማንም አላገዘኝም፤ እንዲያግዘኝም አልፈለግሁም። ቀና ስል ሙጂብ ፒንሳ ይዞ አጠገቤ ቆሟል። ሼሁ ከኋላው ነው።

«የማልኩት በማላውቀው ነገር ላይ ነው» አለው ሼሁ። «ለመሐላዬ ዐሥር ድሃ አበላለሁ። ሽቦህን እሰር።»

«ማሽላው ከእኔ ይሁን» አልኩ። ሼሁ አላየኝም፤ በእሺታ ግን ራሱን ነቀነቀ።

ሙጂብ የተቆረጠውን ጫፍ ላጠ፤ ዘንጉ ላይ አጥብቆ አሰረ። ጉድጓዱን አፈር መለስንበት። ኑርሃን ዉዱእ የሚያደርጉበትን ውሃ አምጥታ አፈሰሰችበት። መሬቱ ጠጣ።

ስንገባ ማይኩን ከፈተች። ማንም ብረቱን አልነካም። ዝም አለ። ዝም ብሎ ቀጠለ። የግድግዳ ሰዓቱ ሲቆጥር ሰማን።

«እጅህን አሳየኝ» አለችው ኑርሃን።

መዳፉን ዘረጋ። ቀልቶ ነበር።

«አልተቃጠለም። ደንዝዟል እንጂ።»

«አሞኛል ብትል ምን ነበረበት?»

«ድምፅ ይገባል ብዬ ነዋ።»

በእንባዋ ላይ ሳቀች። ሼሁ አየ፤ እኔም አየሁ። ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ዞርን።

ቀኑን ሙሉ ሲቀዳ ዋለ። ማታ ሊሆን ሲል ሼሁ «ሁላችሁም ውጡ፤ አንድ የቀረኝ አለ» አለ። በሩን ዘግቶ ብቻውን ቀዳ። ምን እንደሆነ አልተናገረም። ኮምፒውተሩን ለኑርሃን ሲመልስላት «ስልሽ ትከፍቺዋለሽ» ብቻ አላት።

ሐኪሞቹ ነፍሱን አተረፉት። ድምፁ አልተመለሰም። ከአዲስ አበባ ሲመጣ በወረቀት ይጽፍ ነበር። ለእኔ የጻፈልኝ የመጀመሪያው ቃል «አውፍ ብዬሃለሁ» የሚል የይቅርታ ቃል ነው። ከሥሩ ደግሞ «የእኔን። የልጁን አላውቅም» ብሎ ጨምሯል።

እኔም አውቄዋለሁ። ዘንግ መልሼ ስም አልመለስኩም ነበር። ሮቢት ውስጥ ሙጂብን ዘንግ የበላው እያሉ ነበር የሚጠሩት። ሱቁ ጭር ብሏል። ሄድኩበት።

«ሽማግሌ ሁነኝ ብለኸኝ ነበር።»

«ያስቡበት ነበር» አለኝ። ከሥራው ቀና አላለም።

«አስቤበት ጨርሻለሁ። በሐሙስ ይሁን። ሰው በሚሰበሰብበት።»

ያኔ ቀና አለ። «ጋሼ ሙሳ፣ በሰው ፊት እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ሐሙስ ያ ሁሉ ሰው ነበረ፤ «ፒንሳ ያለው ማን ነው» ያለውም፣ የሳቀውም። የሙጂብ እናት ከማጀቴ መጥታ ከዘይቱና አጠገብ ተቀምጣለች። ልጅ ጠያቂ ቆሞ ነው የሚናገረው፤ ቆምኩ።

«ሼህ አብዱረዛቅ፣ ልጅህን ኑርሃንን ለልጃችን ለሙጂብ ልንጠይቅ መጥተናል» አልኩ። «ከዚያ በፊት ግን እናንተ ሁላችሁ ስሙኝ። ከዚህ ቤት ጓሮ የመዳቡን ዘንግ የሰረቅሁት እኔ ሙሳ ነኝ። ጉድጓዱ ሲቆፈር ዶማ አቀብዬ ዝም አልኩ። ይሄ ልጅ የሰው ሐቅ አልነካም። እኔ ነኝ የነካሁት።»

ዘይቱና ፊቷን አልሸፈነችም፤ ቀጥ ብላ ታየኛለች። ያ «ፒንሳ ያለው ማን ነው» ያለው ሰው መሬት መሬት አየ።

ሼሁ ለኑርሃን ምልክት ሰጣት። ተነሥታ ኮምፒውተሩን ከፈተች፤ አምፕሊፋየሩን ሰካች። ጉርምርምታ የለም። ከዚያ ማንም ዳግመኛ እሰማዋለሁ ያላለው ድምፅ ቤቱን ሞላው።

«ቢስሚላህ። ይህንን የምትሰሙት እኔ መናገር ስተው ነው። ልጄን ኑርሃንን የሚጠይቁ ሽማግሎች ሲመጡ መልሴ ይህ ነው። እሷን የሚጎዳ ነገር ላይ የራሱን እጅ ላደረገው ለሙጂብ ሰጥቻለሁ። አላህ ያብዛቸው፣ ያስማማቸው። አሚን በሉ።»

«አሚን!» አለ ሰው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ጮኸ። የሙጂብ እናት እልል አለች። ኑርሃን ወደ ሴቶቹ ሮጣ ገባች። ሙጂብ መዳፉን ፊቱ ላይ አድርጎ ቀረ።

የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሰው ወደ ጓሮ ወጣ። እኔ እንደለመድኩት ወደ ቤቴ አቅጣጫ ዞርኩ። ሙጂብ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ከድንጋዩ አጠገብ ቆሟል።

«ጋሼ ሙሳ፣ የት ይሄዳሉ? ይምጡ እዚህ ይታጠቡ፤ እኔ ላፍስስልዎት።»

ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። እጄን ዘረጋሁ። አፈሰሰልኝ። ውሃው በጣቶቼ መሐል ወርዶ ዘንጉ ያለበት አፈር ውስጥ ገባ።